በር ዘጊው ስንት ያወጣል?

በአሜሪካ የቤዝቦሉ ወቅት ተጠናቅቆ የዋንጫው ጩኸት ጋብ ሲል ሌላ ዓይነት ግጥሚያ ይጀመራል። ይሄኛው ሜዳም ዳኛም የለውም። ኮንትራታቸውን የጨረሱ ተጫዋቾች ነፃ ይወጣሉ፣ ወኪሎቻቸው ስልክ ይመታሉ፣ ክለቦች ካዝናቸውን ይፈትሻሉ። በዚህ ገበያ ውስጥ ኖቬምበር በመጣ ቁጥር የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ፦ «ዘጊያችን ማን ነው?» ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በብዙ አሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር የወጣበት፣ የስንቱ ተጫዋች ስም የተሰበረበት፣ የስንቱ ደጋፊ እንቅልፍ ያጣበት ጥያቄ ነው። ዛሬ የምናነሳውም እሱኑ ነው።

ለእግር ኳስ እንጂ ለቤዝቦል ቅርብ ላልሆኑ አንባቢዎቻችን ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። ቤዝቦል ሰዓት የለውም። እያንዳንዱ ቡድን 9 ኢኒንግ፣ በየኢኒንጉም 3 አውት፣ በድምሩ 27 አውት ይሰጠዋል። በእግር ኳስ 1 ለ0 የሚመራ ቡድን ኳሷን ማዕዘን ላይ ይዞ ደቂቃ ሊገድል ይችላል፤ በረኛውም ወድቆ እግሬን ሊል ይችላል። ቤዝቦል ላይ ይህ አይሠራም። የምትመራው በ1 ነጥብም ይሁን በ3፣ አንድ ሰው ሜዳው መሐል ካለው ጉብታ ላይ ቆሞ ኳሷን ለተጋጣሚው መቺ መወርወር አለበት፤ የመጨረሻዎቹን 3 አውቶች በእጁ ማምጣት አለበት። ማምለጫ የለውም። ይሄ ሰው ነው «ክሎዘር» የሚባለው፤ በእኛ አፍ «ዘጊ» ብንለው ያስኬዳል። ጨዋታውን የሚከፍተው ወርዋሪ ሌላ ነው፣ መሐል ላይ የሚገቡትም ሌሎች ናቸው። ዘጊው የሚጠራው በሩን እንዲዘጋ ብቻ ነው።

ዘጊውን ባለ ዋጋ ያደረገው አንድ ቁጥር ነው፤ «ሴቭ» ይሉታል፣ ማዳን እንደማለት። ሐሳቡን ያመነጨው ጀሮም ሆልትዝማን የተባለ የቺካጎ የስፖርት ጋዜጠኛ ሲሆን፣ ከ1969 ጀምሮ የሜጀር ሊግ መደበኛ መለኪያ ሆኗል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) በቀላሉ ሲነገር፣ ቡድኑ በ3 ወይም ከዚያ ባነሰ ነጥብ እየመራ ገብቶ ቢያንስ አንድ ኢኒንግ ወርውሮ ድሉን ያስጠበቀ ወርዋሪ አንድ ሴቭ ይመዘገብለታል። ሕጉ ሌሎች መንገዶችም አሉት፤ ዋናው ግን ይሄ ነው። ለጋዜጠኛ ቁጥር ሲሰጡት ይጽፈዋል፣ ለወኪል ሲሰጡት ይሸጠዋል። ቀስ በቀስ አሰልጣኞችም ምርጥ ወርዋሪያቸውን ለዘጠነኛው ኢኒንግ ብቻ ማስቀመጥ ጀመሩ። ቁጥሩ የተፈጠረው ሥራውን ለመለካት ነበር፤ በስተመጨረሻ ሥራው ራሱ በቁጥሩ ልክ ተሰፋ።

እዚህ ላይ አንድ ሐቅ እናስቀምጥ። ስምንተኛው ኢኒንግ ሲያልቅ እየመራ ያለ ቡድን ከ100 ጨዋታ ወደ 95ቱን ያሸንፋል። የዘጊ ገበያ ሳይደራ በፊትም፣ ከደራ በኋላም መጠኑ ብዙም አልተለወጠም። ታዲያ ይሄ ሁሉ ገንዘብ ለምን ይወጣል? መልሱ ያለው በቀሩት 5 ጨዋታዎች ውስጥ ነው። በ4ኛው ኢኒንግ የተሸነፍክበትን ጨዋታ ትረሳዋለህ። በ9ኛው ኢኒንግ፣ ሁለት አውት ወጥቶ፣ አንዲት ኳስ ቀርታ የተነጠቅከውን ግን ዕድሜ ልክህን አትረሳውም። ክለቦች ዘጊ የሚገዙት ድል ለመጨመር ብቻ ሳይሆን ያንን ሕመም ለመሸሽ ነው። ሕመም እየሸሸ የሚገበያይ ሰው ደግሞ ዋጋ አይከራከርም።

አንድ ሌላ ምክንያትም አለ፤ ማሪያኖ ሪቬራ። ፓናማዊው ለኒው ዮርክ ያንኪስ 652 ጨዋታዎችን ዘግቷል፤ በመደበኛው ውድድር ይህን ክብረ ወሰን የደረሰበት የለም። በ2019 በመራጮቹ ሙሉ ድምፅ ወደ ዝነኞቹ አዳራሽ የገባ የመጀመሪያውና እስካሁን ብቸኛው ተጫዋች ነው። ዘንድሮም ካቻምናም ያው ሪቬራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ክለብ የራሱን ሪቬራ ሲፈልግ ይኖራል። ችግሩ ሪቬራ ልዩ የሆነው እንደሱ ያለ ስለሌለ መሆኑ ነው። አብዛኛው ዘጊ ዘንድሮ እሳት፣ ከርሞ አመድ ነው። በዓመት 60 እና 70 ኢኒንግ ብቻ የሚወረውር ሰው ላይ ሁለት መጥፎ ሳምንት ቁጥሩን ሁሉ ያበላሸዋል፤ ክንድ ደግሞ እንደ ብረት አይደለም።

ይህን የምንለው በባዶ ሜዳ አይደለም። እስቲ ወደ ዋሺንግተን እንሂድ። ከተማዋ ከ1971 በኋላ ለ33 ዓመታት ያለ ሜጀር ሊግ ቡድን ከርማ፣ በ2005 ከሞንትሪያል የመጣውን ክለብ ተቀብላ ናሽናልስ አለችው። ለኛ ሩቅ ከተማ አይደለችም። ከአፍሪካ ውጪ ካሉት ትልልቅ የኢትዮጵያውያን መኖሪያዎች አንዷ እሷና አካባቢዋ ናቸው። እዚያ የተወለዱ ልጆች ጠመዝማዛ «ደብልዩ» ያለበትን ቀይ ኮፍያ አድርገው ያድጋሉ፤ ወላጆቻቸውም ባይገባቸውም ከልጆቻቸው ጋር ያዝናሉ፣ ይደሰታሉ። ይሄ ቡድን ደግሞ ዘጊ ፍለጋ ምን ያህል እንደሚያስከፍል የሚያሳይ መማሪያ መጽሐፍ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ኦክቶበር 12 ቀን 2012 ነው። ናሽናልስ በዚያ ዓመት 98 ጨዋታ አሸንፎ ከሊጉ ሁሉ አንደኛ ነበር። ከሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ጋር በተደረገው ወሳኝ አምስተኛ ጨዋታ 6 ለ0 መርቷል። ዘጠነኛው ኢኒንግ ሲገባ ውጤቱ 7 ለ5 ነበር። ድሩ ስቶረን የተባለው የ25 ዓመት ዘጊ ሁለት አውት አገኘ። ቡድኑ ከአንዲት ስትራይክ ርቀት ላይ ደረሰ፤ አንዴ ብቻ ሳይሆን ደጋግሞ። ያቺ ስትራይክ አልመጣችም። አራት ነጥብ ገባበት፤ 9 ለ7 ተሸነፉ። ስታዲየሙ ፀጥ አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ በሉ። ያንን ሽንፈት ያመጣው ስቶረን ብቻ አልነበረም። የ6 ነጥብ መሪነት ቀስ በቀስ የተሸረሸረው ሌሎች ወርዋሪዎች ላይ ነው። ምርጡ ከፋች ስቲቨን ስትራስበርግ ክንዱ እንዳይጎዳ ተብሎ ከሴፕቴምበር ጀምሮ አርፎ ነበር፤ ያም የክለቡ የራሱ ውሳኔ ነው። ግን የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። በፎቶው ላይ የቀረው የመጨረሻው ሰው ፊት ነው። በጃንዋሪ 2013 ክለቡ ወደ ነፃ ተጫዋቾች ገበያ ወጥቶ ራፋኤል ሶሪያኖን በ2 ዓመት 28 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመ። ሶሪያኖ በ2012 ሪቬራ ጉልበቱን ሲጎዳ ተክቶት 42 ሴቭ ያስመዘገበ ሰው ነበር። ለናሽናልስም በመጀመሪያው ዓመት 43 አስመዘገበ። ሴቩ ይኸው፤ ቡድኑ ግን በዚያው ዓመት ለማጠቃለያው ውድድር እንኳ አላለፈም። በ2014 መገባደጃ ሶሪያኖ ተንሸራተተ፤ ቦታው ተመልሶ ለማን ተሰጠ? ለዚያው ለስቶረን።

ኦክቶበር 2014 ከሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስ ጋር ሁለተኛው ጨዋታ ላይ ጆርዳን ዚመርማን ለ8 ኢኒንግ ከሁለት አውት አንድም ነጥብ ሳያስገባ 1 ለ0 እየመራ ነበር። አንድ አውት ሲቀረው አንድ ሰው በነፃ ወደ ቤዝ ለቀቀ። አሰልጣኙ ማት ዊሊያምስ ወጥቶ ኳሱን ተቀበለውና ዘጊውን ጠራ። ለምን? ዘጠነኛው የዘጊ ኢኒንግ ስለሆነ። ስቶረን ሁለት ምት ተመታበት፤ 1 ለ1 ሆነ። ጨዋታው 18 ኢኒንግ፣ ከ6 ሰዓት በላይ ሄዶ ናሽናልስ 2 ለ1 ተሸነፈ። በደንብ እየሠራ ያለን ሰው ተክለህ የማዕረጉን ባለቤት ማስገባት ማለት ይህ ነው። ስህተቱ የወርዋሪው ብቻ ነው ብሎ መፍረድ ግን ለሁሉም ይቀላል።

ስቶረን ግን አልሞተም። በ2015 እስከ ጁላይ መጨረሻ ድረስ ከ31 ዕድል 29ኙን ዘግቶ ነበር፤ በ9 ኢኒንግ የሚገባበት ነጥብ በአማካይ 1.73 ብቻ ነበር። ቡድኑም ምድቡን ይመራ ነበር። ያኔ ክለቡ ምን አደረገ? ጆናታን ፓፐልቦንን ከፊላደልፊያ አመጣ። ፓፐልቦን ትልቅ ስም ነው፤ በ2007 ከቦስተን ጋር ዋንጫ የዘጋ ሰው ነው። ዝውውሩን የመከልከል መብት ስለነበረው ዘጊ ካልሆንኩ አልመጣም አለ፤ ክለቡም እሺ አለ። ስቶረን ያለ አንዳች ጥፋት ወደ ስምንተኛው ኢኒንግ ተገፋ። ሁለት ወር አልሞላም፤ ስቶረን ተንሸራተተ፣ በንዴት የልብስ ሳጥኑን መትቶ አውራ ጣቱን ሰበረ። ሴፕቴምበር 27 ቀን ደግሞ ፓፐልቦን በካሜራ ፊት፣ በተጫዋቾች መቀመጫ ላይ፣ የቡድኑን ኮከብ ብራይስ ሃርፐርን አንገቱን አነቀው። ሃርፐር በዚያው ዓመት የናሽናል ሊግ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የተመረጠ ልጅ ነው! ቡድኑ 83 አሸንፎ ከማጠቃለያው ውጪ ቀረ። ስቶረን በጃንዋሪ ወደ ቶሮንቶ ተላከ፤ ፓፐልቦንም በኦገስት 2016 ተሰናበተ። ከሁለት ዘጊ አንድም አልተረፈ።

አንዳንዱ «ይሄ የፓፐልቦን ፀባይ ነው እንጂ የክለቡ ጥፋት ምንድነው?» ሊል ይችላል። ፀባዩ የራሱ ነው፣ አንክድም። ግን አንድ መሥሪያ ቤት በደንብ እየሠራ ያለን ባለሙያ ከወንበሩ አንስቶ ከውጭ በመጣ ትልቅ ስም ሲተካው፣ መልእክቱ የሚደርሰው ለተነሣው ሰው ብቻ አይደለም። የተቀሩት 24ቱም ያዩታል። «እዚህ ቤት የሠራኸው አይቆጠርልህም፤ ቀን የሚቆጠረው የወደቅክባት ዕለት ብቻ ናት» የሚል መልእክት ነው። ይህ በየትኛውም ቤት መተማመንን ይገድላል።

በ2016 ጁላይ ማርክ ሜላንሰን ከፒትስበርግ መጣ። ጸጥ ያለ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ለናሽናልስ ከ18 ዕድል 17ቱን ዘጋ። ግን ኮንትራቱ የሚያልቀው በዚያው ዓመት ነው። እዚህ ላይ ነው ስለ ነፃ ተጫዋች ሕግ ማወቅ የሚጠቅመው። ዱሮ ክለብ ተጫዋቹን እንደ ርስት ይይዘው ነበር። በ1975 መጨረሻ ፒተር ሳይትዝ የተባለ አደራዳሪ ዳኛ የሰጠው ውሳኔ ያንን ሰበረ፤ ዛሬ በሜጀር ሊግ 6 ዓመት ያገለገለ ተጫዋች ኮንትራቱ ሲያልቅ ወደፈለገበት ይሄዳል። ተገቢ መብት ነው፤ እኛም ለተጫዋቹ አንከፋም። ላቡን ባወጣበት ይጠቀም። ነገር ግን በዚያ ዓመት ገበያው ላይ ሦስት ዘጊዎች በአንድ ጊዜ ወጡ፤ ሦስት ሀብታም ክለቦችም ተፋጠጡ። ሜላንሰን ከጃያንትስ ጋር በ4 ዓመት 62 ሚሊዮን፣ አሮልዲስ ቻፕማን ከያንኪስ ጋር በ5 ዓመት 86 ሚሊዮን፣ ኬንሊ ጃንሰን ከቀድሞ ክለቡ ዶጀርስ ጋር በ5 ዓመት 80 ሚሊዮን ፈረሙ። ናሽናልስ ለጃንሰን ከዶጀርስ የሚበልጥ ገንዘብ እንዳቀረበ በወቅቱ በሰፊው ተዘግቧል። ጃንሰን ግን የለመደውን ቤት መረጠ። ዋሺንግተን ባዶ እጇን ቀረች።

«አሳዛኝ ነው» ትሉ ይሆናል። ቆዩ። በ62 ሚሊዮን የሄደው ሜላንሰን በመጀመሪያው ዓመት ክንዱ ታመመና በቀዶ ሕክምና ጨረሰው። ይህ በማንም ላይ የሚደርስ ጉዳት ነው፣ እሱን የሚያስወቅስ አይደለም። የሚያሳየው ግን የወርዋሪ ክንድ ላይ የሚፈረም የ4 ዓመት ውል ምን ያህል ዕጣ እንደሆነ ነው።

በ2017 ናሽናልስ ቤቱ ውስጥ ወዳለው ብሌክ ትራይነን ዞረ። በኤፕሪል መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፤ ሁለት ሳምንት ገደማ ታግሠው ነጠቁት። ከእሱ በኋላ ሌላ፣ ከሌላው በኋላ ሌላ ተሞከረ። ጁላይ 16 ቀን ትራይነንን ከሁለት ወጣቶች ጋር ለኦክላንድ ሰጥተው ሾን ዱሊትልንና ራያን ማድሰንን አመጡ። ከተሰጡት ወጣቶች አንዱ ሄሱስ ሉዛርዶ ነው፤ ዛሬ በሊጉ ስሙ የሚጠራ ከፋች ወርዋሪ ሆኗል። ትራይነንስ? በ2018 በኦክላንድ 38 ሴቭ አስመዘገበ፤ በ9 ኢኒንግ የሚገባበት ነጥብ 0.78 ነበር። ከአንድ ነጥብ በታች! በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት እንዲህ ነው። እውነት ለመናገር ዱሊትል ጥሩ ዘጊ ነበር፤ በዚያ ዓመት ለዋሺንግተን ከ22 አንዱን ብቻ ነው ያበላሸው። ቢሆንም በኦክቶበር ከቺካጎ ከብስ ጋር በተደረገው አምስተኛ ጨዋታ 9 ለ8 ሲሸነፉ ጨዋታው ያመለጣቸው በአምስተኛው ኢኒንግ ነው። በር ዘጊ ተቀምጦ ሌባው በመስኮት ገባ።

እንግዲህ 2019 መጣ። በቅድሚያ ስለ ገበያው አንድ ነገር እናንሳ፤ ክሬግ ኪምብረል የሚባለው በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ ዘጊዎች አንዱ ነፃ ወጥቶ ትልቅ ውል ሲጠብቅ እስከ ጁን ድረስ ሥራ ፈት ሆኖ ቆየ። በመጨረሻ ከቺካጎ ከብስ ጋር በ3 ዓመት 43 ሚሊዮን ፈረመ፤ በዚያ ዓመትም ክፉኛ ተመታ። ናሽናልስ በበኩሉ ትሬቨር ሮዘንታልን በርካሽ አምጥቶ ነበር። ሮዘንታል በመጀመሪያዎቹ 4 ጨዋታዎች አንድም አውት ማግኘት አልቻለም፤ አንድም! ሜይ ላይ ቡድኑ 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ነበር። ተቀያሪ ወርዋሪዎቹ በናሽናል ሊግ ከሁሉም የከፉ ነበሩ። አሰልጣኙ ይባረር የሚል ጩኸት በዛ።

ዋና ሥራ አስኪያጁ ማይክ ሪዞ በጁላይ 31 ያመጣው ሰው ዳንኤል ሃድሰን ነው። ማን ያውቀዋል? ክርኑ ሁለት ጊዜ በቀዶ ሕክምና የተጠገነ፣ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ አንድ ክለብ ያሰናበተው፣ ቶሮንቶ ያነሣው የ32 ዓመት ሰው። ዘጊ የሚል ማዕረግ አልነበረውም፤ ማዕረግም አልጠየቀም። አሰልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ ዱሊትልንና እሱን እንደ ቀኑ ሁኔታ አፈራረቃቸው። በማጠቃለያው ሳምንታት ደግሞ ከፋቾቹን ስትራስበርግን፣ ኮርቢንን፣ ሸርዘርን ሳይቀር መሐል ላይ አስገባቸው። በድሩ ማበር አንበሳው ታሰረ።

ሌላ የሚገርም ነገር አለ። ናሽናልስ በዚያ ዓመት ዋንጫ ያነሣው የሌሎችን ዘጊዎች እያሸነፈ ነው። ሴፕቴምበር 3 ቀን ኒው ዮርክ ሜትስ ዘጠነኛው ኢኒንግ መገባደጃ ላይ 10 ለ4 ይመራ ነበር፤ ናሽናልስ 7 ነጥብ አስገባና 11 ለ10 አሸነፈ። የመጨረሻዋን ኳስ ከርት ሱዙኪ ከሜዳ ውጪ የላካት በኤድዊን ዲያዝ ላይ ነው፤ ሜትስ ብዙ ከፍሎ ያመጣው ዘጊ። ኦክቶበር 1 ቀን ከሚልዋኪ ጋር በአንድ ጨዋታ ዕጣ ሲለይ፣ በጊዜው አስፈሪ የተባለው ጆሽ ሄደር ላይ ሁዋን ሶቶ መታ፤ 3 ለ1 የነበረው 4 ለ3 ሆነ። ያንን ጨዋታ የዘጋው ሃድሰን ነው። ሃድሰን ልጁ ስለተወለደች በናሽናል ሊግ የሻምፒዮና ዙር የመጀመሪያ ጨዋታ አልነበረም፤ ዱሊትል የመጨረሻዎቹን 4 አውቶች አመጣ። ማንም ቤት አልፈረሰም። ኦክቶበር 30 ቀን በሂዩስተን፣ በሰባተኛው የወርልድ ሲሪስ ጨዋታ፣ ኮርቢን 3 ኢኒንግ ያለ ነጥብ አሳለፈ፤ ሃድሰን ማይክል ብራንትሊን በስትራይክ አውት አውጥቶ ጓንቱን ወረወረ። 6 ለ2። ዋሺንግተን ከ1924 ወዲህ የመጀመሪያውን ዋንጫ አገኘች።

ከሰባት ዓመት በፊት ያልመጣችው ያቺ አንዲት ስትራይክ በመጨረሻ የመጣችው በ28 ሚሊዮኑ ሰው አይደለም፤ አንቆ በተባረረውም አይደለም፤ ማንም ካልፈለገው ሰው እጅ ነው።

ይህን ስንል «ዘጊ ምን ይሠራል፣ ማንም ይዝጋው» እያልን አይደለም። የመጨረሻዎቹ 3 አውቶች ከባድ ናቸው፤ ሁሉም ሰው ትከሻው አይችለውም። ሃድሰንም ቢሆን ቅዱስ አልነበረም፤ ክለቡ ከዋንጫው በኋላ በ2 ዓመት 11 ሚሊዮን አስፈርሞት በ2020 ክፉኛ ተመታ። ያኔም ቢሆን የከሰሩት 11 እንጂ 80 ሚሊዮን አልነበረም። ክርክራችን እዚህ ጋ ነው። ዘጊ ያስፈልጋል፤ ዋስትና ተብሎ የሚሸጠው ዘጊ ግን የለም። ገበያው የሚሸጥልህ ያለፈው ዓመት ፎቶግራፍ ነው፤ አንተ የምትከፍለው ለሚመጡት 5 ዓመታት ነው።

ከዚያ ወዲህ ያየነውም ይህንኑ ነው። ኤድዊን ዲያዝ በኖቬምበር 2022 ከሜትስ ጋር በ5 ዓመት 102 ሚሊዮን ፈረመ፤ ለተቀያሪ ወርዋሪ 100 ሚሊዮን ሲሻገር የመጀመሪያው ነበር። በማርች 2023 ለሀገሩ ለፖርቶ ሪኮ ዘግቶ ደስታውን ሲገልጽ ጉልበቱ ተበጠሰ፤ ዓመቱን ሙሉ ተቀመጠ። ማንም ሊተነብየው አይችልም ነበር፤ ነጥቡም እሱ ነው። ዶጀርስ በ2025 ታነር ስኮትን በ4 ዓመት 72 ሚሊዮን አመጣ፤ ስኮት 10 ጨዋታ አበላሸ። የዚያን ዓመት ዋንጫ የዘጉላቸው ከፋቾቹ ናቸው፤ ሮኪ ሳሳኪ በጥቅምት ሳምንታት፣ በመጨረሻው ጨዋታ ደግሞ ዮሺኖቡ ያማሞቶ፣ ያውም በዋዜማው ጨዋታ ከፍቶ ባደረ ክንዱ። ከዚህ በኋላ ዶጀርስ ምን አደረገ? ዲሴምበር ላይ ዲያዝን በ3 ዓመት 69 ሚሊዮን አስፈረመ! ዶጀርስ ሀብታም ነው፤ ቢሳሳትም አይራብም። ሌላው ክለብ እሱን እያየ ቢዘል ግን ወገቡን ይሰብራል።

ታዲያ ዘጊ የጎደለው ክለብ ምን ያድርግ? ይህ ዓምድ ሦስት ነገር ይላል።

አንደኛ፣ ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ቤቱን ይፈትሽ። ትራይነን ከሄደ በኋላ የሆነውን ለመሆን አዲስ ክንድ አልተገጠመለትም፤ ያው ክንድ ነው። የጎደለው ትዕግሥትና ረጋ ያለ ቦታ ነበር። ሁለት ሳምንት ለፍርድ አይበቃም።

ሁለተኛ፣ ከገዛም አንድ ስም በትልቅ ዋጋ ከመግዛት ሦስት ደህና ሰው በመካከለኛ ዋጋ ይግዛ። አንዱ ሲታመም ሌላው ይቆማል። ከባዱ ሰዓት ሁልጊዜ ዘጠነኛው ኢኒንግ አይደለም፤ አንዳንዴ ሰባተኛው ነው። በ2016 ዶጀርስ ናሽናልስን ሲያሸንፍ ጃንሰን የገባው በሰባተኛው ነበር፤ 51 ኳስ ወረወረ፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት አውቶች ያመጣው ከፋቹ ክሌይተን ከርሾ ነው። ምርጥ ሰውህን እሳቱ ባለበት ላከው፤ ቁጥሩ ለሚቆጠርለት ሰዓት አታስቀምጠው።

ሦስተኛውና ለኛ ትልቁ፣ የመጨረሻውን ሰው የሁሉም ዕዳ ተሸካሚ ማድረግ ይቁም። ስድስት ነጥብ የነበረው መሪነት ሁለት ሆኖ ሲደርሰው፣ አራቱን የበሉት ሌሎች ናቸው። ሥራ አስኪያጁም፣ አሰልጣኙም፣ መቺዎቹም ድርሻ አላቸው። ሽንፈትን በአንድ ሰው ላይ ጭኖ እሱን የሚቀይር ክለብ የተሸነፈበትን ምክንያት ሳያውቀው ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል። ዋሺንግተን ላይ ይህ አንዴ ብቻ ሳይሆን በተከታታይ ሆኗል።

ደጋፊውም ድርሻ አለው። ዲሴምበር ላይ «ትልቅ ስም ይምጣልን» ብሎ የሚጮኸውና ሜይ ላይ በዚያው ሰው ላይ የሚያፏጨው አንድ ሰው ነው። ክለቦች ይህን ጩኸት ይሰማሉ፤ ለማስታገስም ይከፍላሉ። ሒሳቡ ግን ተመልሶ በቲኬት ዋጋ የሚመጣው ወደዚያው ደጋፊ ነው።

የዘንድሮም የከርሞም ገበያ ሲከፈት ወኪሎች ያንኑ ይላሉ፤ «ሰላም እንቅልፍ ትተኛላችሁ።» እንቅልፍ በሚሊዮን አይገዛም። በሩን አንድ ሰው ይዘጋው ይሆናል፤ ቤቱን የሚጠብቁት ግን በውስጡ ያሉት ሁሉ ናቸው። ይህን የተረዳ ክለብ ዘጊውን በተመጣጣኝ ዋጋ ያገኘዋል። ያልተረዳው ደግሞ ውድ ቁልፍ ገዝቶ ግድግዳው የፈረሰ ቤት ላይ ይሰቅላል።